ቶሚያሱን መሸኘት ልክ ነበር? የካዞርላን ዘመን ያያችሁ ግቡበት

ጉለሌ መድፈኛ
ሰኔ 28፣ ማታ 2፡15

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ዋላችሁ።

ትናንት ጃፓናዊው ተከላካያችን ቶሚያሱ ከአርሴናል ተሸኘ። ውሉ ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር። ክለባችን «በስምምነት ተለያይተናል» አለ፣ አመሰገነ፣ አለቀ። ልጁ 26 ዓመቱ ነው። ባለፈው የውድድር ዓመት ጠቅላላ የተጫወተው ስድስት ደቂቃ ነው። ከሳውዝሃምፕተን ጋር ተቀይሮ ገባ፣ ከዚያ ጉልበቱ እንደገና እምቢ አለው። የካቲት ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። እስከ ዛሬ ድረስ ሜዳ አልተመለሰም።

እኔ መርካቶ ሄጄ 18 ቁጥር ያሳተምኩት ማልያ አለኝ። እሁድ እሁድ ሰፈር ኳስ ስንጫወት የምለብሰው እሱን ነው። ትናንት ሳስበው፣ ዓምና ማልያው ከባለቤቱ ይልቅ ብዙ ደቂቃ ሜዳ ላይ ቆይቷል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ከፋኝ።

ይህን ክር የከፈትኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰኔ 14 ሌሊት፣ የቀድሞው አማካያችን ካዞርላ በ40 ዓመቱ የስፔኑን ኦቪዬዶን ወደ ላሊጋ መለሰ። ከ24 ዓመት በኋላ! ተጋጣሚያቸው እየመራቸው ሳለ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ ያደረገው እሱ ነው። ያ ሰው በእኛ ቤት «ከእንግዲህ አይጫወትም» የተባለ ሰው ነው። ታዲያ ቶሚያሱን በ26 ዓመቱ እንዴት ተስፋ ቆረጥንበት?

ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? ስድብ የለም።


ማንቼ ነኝ
ሰኔ 28፣ ማታ 2፡21

ይቅርታ፣ የኳስ ክር መስሎኝ ገባሁ። ለካ አጥንትና መገጣጠሚያ ክፍል ነው።


ጉለሌ መድፈኛ
ሰኔ 28፣ ማታ 2፡24

15ኛ ወጥተህ ደግሞ ታወራለህ? እረፍ አቦ።


ባለ 19
ሰኔ 28፣ ማታ 3፡02

ጉለሌ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ግን የካዞርላን ታሪክ እየጣፈጥነው ነው። ትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ «ለካዞርላ ታገስን፣ ለቶሚያሱ ጨከንን» እያለ ነው። እኔ የካዞርላ እብድ ነኝ፣ ስሜም ይመሰክራል፣ 19 የእሱ ቁጥር ነበር። ግን እንደዛ አልነበረም።

በቅደም ተከተል እንየው። ካዞርላ ለእኛ መጨረሻ የተጫወተው በጥቅምት 2016 በፈረንጆቹ ነው። ሉዶጎሬትስን 6 ለ 0 ስናሸንፍ። ቁርጭምጭሚቱን አመመው ተባለ። ውሉ በዚያው ወቅት ሊያልቅ ወራት ነበር የቀሩት። ክለቡ ጥር 2017 ላይ ውሉ ውስጥ የነበረውን የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተጠቀመ። ልብ በሉ፣ ያኔ ማንም ሰው ነገሩ ያን ያህል ይከፋል ብሎ አላሰበም። በጥቂት ወር ይመለሳል ተብሎ ነው የተራዘመው።

ከዚያ ቁስሉ አልድን አለ። ይሰፉታል፣ ይከፈታል። ይሰፉታል፣ ይከፈታል። ስፔን ሄዶ ሌላ ሐኪም ሲያየው ባክቴሪያ ገብቶ የተረከዙን ጅማት 8 ሴንቲሜትር ገደማ በልቶታል። ከስምንት ጊዜ በላይ ቀዶ ጥገና ገባ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚሸፍን ቆዳ ስለጠፋ ከግራ ክንዱ ላይ ቆርጠው ለጠፉለት። ክንዱ ላይ የሴት ልጁን ስም ተነቅሶ ነበር። አሁን ግማሹ ስም ክንዱ ላይ፣ ግማሹ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ፎቶውን አይታችሁት ከሆነ አትረሱትም። እንደ አሮጌ ሱሪ የተጣፈ እግር።

እዚያ ከመድረሱ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ያሉትን እሱ ራሱ ተናግሯል። ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ በእግርህ ከሄድክ ይበቃሃል ብለውታል።

እና ክለባችን ምን አደረገ? ውሉ እስኪያልቅ ከፈለው። ግንቦት 2018 ላይ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል «እናመሰግናለን» አለው። ሌላ ውል አልሰጠውም። ዕድሉን የሰጠው የስፔኑ ቪያሪያል ነው፣ ያውም በልምምድ ፈትኖ። የእኛን ፍቅር አልክድም። ግን የጠበቀው ወረቀቱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም።


ጉለሌ መድፈኛ
ሰኔ 28፣ ማታ 3፡10

ይህን የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ባልጻፍከው ጥሩ ነበር። አመመኝ።


ባለ 19
ሰኔ 28፣ ማታ 3፡13

እኔንም። ቪያሪያል በጭስ በተሞላ የመስታወት ሳጥን ውስጥ እንደ አስማተኛ ብቅ አድርጎ ሲያስተዋውቀው እኔ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከ40 በላይ ጨዋታ ተጫወተ። በ2019 ለስፔን ብሔራዊ ቡድን ተጠራ። አንድ ሰው «ጨርሷል» ሲባል እኔ ከዚያ ወዲህ አላምንም።


ፊዚዮዋ
ሰኔ 28፣ ማታ 3፡40

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ቡድኔም አርሴናል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ልቤ ውስጥ አሉ። ግን ካዞርላንና ቶሚያሱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም።

ካዞርላን ሁለት ዓመት ያስቀመጠው በዋናነት ኢንፌክሽኑ ነው። ኢንፌክሽኑ ተነቅሎ ጅማቱ ሲጠገን፣ እግሩ እንደገና ሥራውን መማር ቻለ። ከባድ ነው፣ ተአምር የሚያሰኝም ነው። ግን መንገዱ ወደፊት የሚሄድ መንገድ ነው።

ጉልበት ሌላ ነው። ጉልበት ሂሳብ ይይዛል። አንዴ ይከፈታል፣ ትድናለህ። ሁለተኛ ሲከፈት ያው ቦታ ነው የሚነካው። የቶሚያሱን ፋይል እኔ አላየሁም፣ ስለዚህ ስለ እሱ በርግጠኝነት አልናገርም። በአጠቃላይ ግን ደጋግሞ የሚያብጥ ጉልበት ላለው ተጫዋች ትልቁ ጥያቄ መቼ ይመለሳል የሚለው አይደለም። ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ይችላል ወይ ነው። ዕሮብ ተጫውቶ ቅዳሜ ላይ ጉልበቱ ውሃ ከቋጠረ፣ ለክለቡ «የዳነ» ተጫዋች የለም።

ሰዎች የማያዩት ደግሞ የጭኑን ጡንቻ ነው። እኔ ክሊኒክ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር አለኝ። ቀዶ ጥገና የተደረገ ሰው ሲመጣ ሁለቱንም ጭን እለካለሁ። በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ የታመመው እግር በዓይን እስኪታይ ይከሳል። ለመክሳት ሳምንታት፣ ለመመለስ ወራት። ሰውየው ሜትሩን ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። ከጉልበቱ ይልቅ ያቺ ሜትር ነች የምታስደነግጠው።


ጋሽ ሀይበሪ
ሰኔ 29፣ ጠዋት 1፡20

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ካዞርላን ብቻ ስታወሩ ዲያቢን ረሳችሁት። እኔ ዕድሜዬ ስለሆነ ላስታውሳችሁ።

አቡ ዲያቢ በጥር 2006 ከኦክሴር መጣ። በግንቦት 1 ቀን ከሰንደርላንድ ጋር ስንጫወት ቁርጭምጭሚቱን ሰበሩት። እኛ 3 ለ 0 እያሸነፍን፣ እነሱ አስቀድመው የወረዱ ቡድን ሆነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል። ያ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ሙሉ ሰው ሆኖ አያውቅም። አንዱን ጎን ሲያድን ሌላው ይሄዳል። እግሩን ሲጠነቀቅ ጭኑ፣ ጭኑን ሲጠነቀቅ ባቱ።

ክለቡ እስከ 2015 ድረስ አቆየው። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ማለት ነው። በመጨረሻው ዓመት አንድ ጨዋታ ነው የተጫወተው፣ በካፕ። አሁን «ታማኝነት» የምትሉት እንዲህ ያለውን ነው እንጂ የካዞርላን አይደለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዲያቢ ለአርሴናል የተጫወተው 180 ጨዋታ ነው። ካዞርላም 180። ቁጥሩ እኩል ነው። አንዱ በዘጠኝ ዓመት ተኩል፣ ሌላው በስድስት።

ሁለቱ አብረው ደህና ሆነው የተጫወቱበት ቀንም አለ። መስከረም 2012 በፈረንጆቹ፣ አንፊልድ፣ ከሊቨርፑል ጋር። 2 ለ 0 አሸነፍን። ፖዶልስኪ አገባ፣ ካዞርላ አገባ። ዲያቢ ግን መሐል ሜዳውን ብቻውን ይዞት ነበር። ፒያሳ አንድ ቤት ነበር የምናየው፣ ሰውየው ሁሉ ሻዩን ረስቶ «ይሄ ልጅ ምነው ጤና ቢኖረው» እያለ። ያቺን ቀን ያየ ሰው አሰልጣኙ ቬንገር ለምን ዘጠኝ ዓመት እንደጠበቀው ይገባዋል።


ደሴ ላይ
ሰኔ 29፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እኮ በተቃራኒው ነው የሚያስረዳው። ዲያቢን እየጠበቅን ስንት ዓመት አማካይ ሳንገዛ ቀረን? «ዲያቢ ሲመለስ እንደ አዲስ ግዢ ነው» የሚለው ነገር በየዓመቱ ይመጣ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ሰምቼ ነው ያደግኩት። ርኅራኄ ጥሩ ነው፣ ግን በተጎዳው ልጅ ስም ስስት ሲሠራም አይተናል።


ጋሽ ሀይበሪ
ሰኔ 29፣ ጠዋት 2፡31

እሱስ እውነትህን ነው።


የሪያዱ ልጅ
ሰኔ 29፣ ቀን 7፡10

ከሪያድ ሰላም ብያለሁ። እናንተ ስለ ቶሚያሱ ታወራላችሁ፣ እዚህ የኔይማርን ድራማ በዓይናችን አየን።

ነሐሴ 2023 እዚህ ወዳለው አል ሂላል መጣ። 90 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ለፓሪስ ተከፈለ፣ ሁለት ዓመት ፈረመ። ከተማው አበደ። የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ አል ሪያድን 6 ለ 1 ሲያሸንፉ ተቀይሮ ገባ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ሹፌር ነኝ። «ግድ የለም፣ ሁለት ዓመት አለ፣ አየዋለሁ» አልኩ። አላየሁትም።

ጥቅምት 17 ላይ ለብራዚል ሲጫወት ሞንቴቪዴዮ ላይ ጉልበቱ ሄደ። ኤሲኤልም (የጉልበት መሐል ጅማት) ሚኒስከስም (የጉልበት ልስልስ አጥንት)። አንድ ዓመት ሙሉ ጠፋ። ጥቅምት 2024 ላይ ከአል አይን ጋር ተመለሰ፣ እኔም ትኬት ላውጣ ስል በሁለት ሳምንቱ የጭኑ ጡንቻ ተያዘ። ጥር 2025 ላይ «በስምምነት» ተለያዩ። ያው ቃል! ጠቅላላ ሰባት ጨዋታ፣ አንድ ጎል። ወደ ሳንቶስ ሄደ።

እዚህ ሰው የተናደደው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። የሳዑዲ ሊግ ላይ የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተወሰነ ነው። የታመመ ሰው አንድ ቦታ ይዞ ተኝቷል ማለት ነው። አሰልጣኙ ጆርጅ ጀሱስም በመጨረሻ ለሊጉ አላስመዘገበውም። ተጫዋቹ ደመወዝ ያገኛል፣ ልምምድ ይሠራል፣ ግን ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም። እንዲህ ያለ ኮንትራት ምን ይባላል?

በነገራችን ላይ ለብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ስለተጎዳ ክለቡ ከፊፋ ካሳ ያገኛል። በዓመት እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው ጣሪያው። ለሌላ ክለብ ብዙ ነው። ለኔይማር ደመወዝ ግን የሻይ ነው።


ማንቼ ነኝ
ሰኔ 29፣ ቀን 7፡30

ሰባት ጨዋታ! ከቶሚያሱ ስድስት ደቂቃ ግን ይበልጣል።


የውል ሰው
ሰኔ 29፣ ማታ 1፡45

አንብቤ ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም። ሙያዬ ሕግ ነው።

«በስምምነት» የምትለዋን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፏት። ክለብ ተጫዋቹ ስለተጎዳ ብቻ ተነስቶ ውል ማፍረስ አይችልም። ፊፋ ደንብ ላይ የውል መጽናት በጤና ምርመራ ውጤት ላይ ሊንጠለጠል እንደማይችል ተጽፏል። ለዚህ ነው ምርመራው ከፊርማ በፊት የሚደረገው። ከፈረምክ በኋላ የመጣ ጉዳት የክለቡም ዕዳ ነው። ጉዳዩ ወደ ፊፋ ዳኞች ሲሄድም ጉዳት ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ መደበኛው የፕሪሚየር ሊግ ውል አለ። ተጫዋቹ በሥራው ላይ ተጎድቶ ከሆነ ለ18 ወር መሠረታዊ ደመወዙ አይነካም። ክለቡ የማሰናበት በር የሚከፈትለት ጉዳቱ ዘላቂ ነው ሲባል፣ ወይም ተጫዋቹ በ20 ወር ውስጥ 18 ወር በዚያው ጉዳት ከጨዋታ ውጪ ሲሆን ነው። ያኔም ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት።

እንግዲህ ቶሚያሱን አስቡት። አንድ ዓመት ቀርቶታል። «አልሄድም» ብሎ ቁጭ ቢል ማንም አያስነሳውም። ደመወዙን ይበላ ነበር። ስለዚህ ተባረረ አትበሉ። እሱም ፈርሟል።

ለምን ይፈርማል? እንደኔ አስተያየት፣ ሰኔ 2026 ላይ ውሉ ሲያልቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተጫወተ ሰው ይሆናል። ማን ይወስደዋል? አሁን ነፃ ከሆነ ግን በራሱ ጊዜ ይድናል፣ የዝውውር መስኮት ሳይጠብቅ የፈለገው ክለብ ይፈርማል፣ የዝውውር ሂሳብም የለበትም። ስንት ተከፍሎት እንደወጣ አልተነገረም። ባዶ እጁን ግን የሚወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም።


ጉለሌ መድፈኛ
ሰኔ 29፣ ማታ 2፡00

ይህን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር። እኔ ክለቡ ገፋው ብዬ ነው የተናደድኩት።


ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኔ 29፣ ማታ 5፡50

ከዲሲ አካባቢ። ታዲያ በዚህ ሂሳብ የእኛው አጥቂ ጋብሬል ጄሱስስ? ጥር ላይ ከዩናይትድ ጋር በኤፍኤ ካፕ ኤሲኤሉ ሄዷል። ውሉ እስከ 2027 ነው። 28 ዓመቱ። እሱንም «በስምምነት» ልንል ነው?


ፊዚዮዋ
ሰኔ 29፣ ማታ 6፡08

የመጀመሪያው ኤሲኤሉ ነው። ዘጠኝ ወር፣ ዓመት ይፈጃል፣ ግን ብዙ ተጫዋች ተመልሷል። አትቸኩሉበት። የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ግን ሲመለስም መጠንቀቅ አለበት። ሌላኛውም ጉልበት ጭምር።


ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኔ 29፣ ማታ 6፡15

ሌላኛውም? አንቺ ልጅ እንቅልፍ ከለከልሽኝ።


የቀድሞው 7
ሰኔ 30፣ ማታ 4፡30

ሦስት ቀን ሙሉ አነበብኩ። 18 ወር ደመወዝ፣ የፊፋ ካሳ፣ ስምምነት። አነበብኩና ሳቄ መጣ። በእናንተ አይደለም።

እኔ ከፍተኛ ሊግ ተጫውቻለሁ። የክለቡን ስም አልጠራም። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ከሜዳችን ውጪ እየተጫወትን ነው። ሜዳው ግማሹ ሣር ግማሹ አቧራ ነው። ኳስ ተቀብዬ ልዞር ስል እኔ ዞርኩ፣ ጉልበቴ አልዞረም። ድምፁን የኋላ ተከላካያችን ሰምቶታል። ብስኩት የተሰበረ መሰለኝ ይላል እስከ ዛሬ።

ወጌሻችን ሮጦ መጣ። ጎበዝ ሰው ነበር፣ ቦርሳው ውስጥ ግን ስፕሬይ አልቋል፣ በረዶ የለም። ከስታዲየሙ ውጪ ካለ ሱቅ ሁለት የቀዘቀዘ ሃይላንድ ገዝቶ በላስቲክና በፋሻ አሰረልኝ። አውቶቡስ ላይ ስምንት ሰዓት መጣሁ፣ እግሬን የጓደኛዬ ጭን ላይ አድርጌ። ኤምአርአዩን ልጆቹ አዋጥተው ነው ያስነሱኝ። ውጤቱን ለቡድን መሪው ሰጠሁት። ፖስታውን ሳይከፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሁለት ወር ደመወዝ ከፈሉኝ። በሦስተኛው ደወለልኝ። «እስክትድን ቤተሰብ ጋር አረፍ በል» አለኝ። በደግ አንደበት ነው ያለኝ፣ አመሰገንኩት። አረፍ በል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ወሩ መጨረሻ ላይ ባንክ ስሄድ ነው።

ውሌስ? ስፈርም ሦስት ቅጂ ላይ ፈርሜያለሁ። አንዱም እጄ አልገባም። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ሊጉ ተሰረዘ፣ ሁሉም ነገር ተረሳ። እናቴ አንድ ታዋቂ ወጌሻ ጋር ወሰደችኝ። በቅቤ አሸኝ፣ ጮህኩ፣ ትንሽ ቀለለኝ። ቀዶ ጥገና እስከ ዛሬ አልተደረገልኝም።

አሁን ሱቅ አለኝ፣ ይመስገን። ደረጃ መውረድ ግን ያመኛል። መውጣት አይደለም፣ መውረድ። ስታዲየም ገብቼ ጨዋታ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ነው የምነሳው።


ማንቼ ነኝ
ሰኔ 30፣ ማታ 4፡41

ወንድሜ፣ በዚህ ክር ላይ ስቀልድ ነበር። ይቅርታ።


የቀድሞው 7
ሰኔ 30፣ ማታ 4፡44

ቀልድህ አስቆኛል እኮ፣ ቀጥል። አጥንትና መገጣጠሚያ ክፍል ያልካት በጣም ተመችታኛለች።


የውል ሰው
ሰኔ 30፣ ማታ 5፡20

ወንድሜ፣ አሁን የምለው ለአንተ ጊዜው ሳያልፍ አይቀርም፣ ያሳዝነኛል። ለሌሎች ይጠቅም ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለውን በግልጽ አስቀምጧል። የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ። ቀጣዩን ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ። ከዚያ ለስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። ጠቅላላ ዓመት ነው። የሕክምና ወጪም ለብቻው አለ። ኳስ ተጫዋች በዚህ አዋጅ ይታያል አይታይም ብለው ክለቦች ሊከራከሩ ይችላሉ። እኔ ብሆን በወር ደመወዝ፣ በአሰልጣኝ ትእዛዝ፣ በክለቡ ማልያ የሚሠራ ሰው ሠራተኛ ካልሆነ ማን ነው ሠራተኛ ብዬ ነው የምጀምረው።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ሲባል አገር ሙሉ ተከራከረ። የተጎዳ ተጫዋች ስንት ወር ይከፈለው ብሎ ግን ያን ያህል የጮኸ ሰው አላየሁም።

ከእናንተ መሐል የሚጫወት ልጅ፣ ወንድም፣ ጎረቤት ያለው ካለ አንድ ነገር ንገሩት። ሲፈርም ስልኩን አውጥቶ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ያንሳ። «አታምነንም እንዴ?» ይሉታል። «አምናችኋለሁ» ብሎ ያንሳ።


ባለ 19
ሐምሌ 1፣ ጠዋት 3፡15

አሁን ሳስበው፣ ካዞርላ ከአርሴናል ያገኘው ትልቁ ነገር ደመወዙ ላይሆን ይችላል። ሳላማንካ ላይ ለብቻው ሲያገግም፣ ወሩ መጨረሻ ላይ የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል? አያስጨንቀውም። ሱቅ መክፈት አለበት? የለበትም። ሥራው መዳን ብቻ ነበር። በኋላ ኦቪዬዶ ሲመለስ በሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ የፈረመውም ለዚህ ይመስለኛል። የልጅነት ክለቡ ነው፣ ገንዘቡን አስቀድሞ አግኝቶታል፣ ጊዜም አግኝቶ ነበር።

ጉለሌ፣ ለጥያቄህ መልሴን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ ልክ ነው ልል ነበር። አሁን ግን ቶሚያሱ የት ነው የሚያገግመው፣ ማን ነው የሚያየው የሚለውን ሳላውቅ ልክ ነው አልልም።


ፊዚዮዋ
ሐምሌ 1፣ ጠዋት 3፡40

የቀድሞው 7፣ ደረጃ መውረድ ነው ያልከው? ኤምአርአዩ ፎቶ አሁንም አለህ? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ተስፋ አልሰጥህም፣ አምስት ዓመት አልፎታል። ግን ጭንህን ሳልለካ ዝም አልልም።


የቀድሞው 7
ሐምሌ 1፣ ቀን 6፡02

አለኝ። እናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እጽፍልሻለሁ እህቴ።


ጉለሌ መድፈኛ
ታኅሣሥ 8፣ ማታ 2፡30

ይህን አሮጌ ክር ያነሳሁት ትልቅ ዜና ስላለ ነው። ቶሚያሱ ለአያክስ ፈረመ! እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ። የውል ሰው ያልከው ደረሰ፣ መስኮት ሳይጠብቅ ነፃ ሆኖ ፈረመ። 18 ቁጥሬን ዛሬ አጥቤ አሰጣሁት።


ባለ 19
ታኅሣሥ 8፣ ማታ 2፡41

እልል! ስድስት ወር አጭር ነው ግን።


የውል ሰው
ታኅሣሥ 8፣ ማታ 2፡50

ጉልበቱ እንዲህ ለሆነ ሰው መጀመሪያ የሚሰጡት ይህን ነው። ካዞርላም ቪያሪያል ሲሄድ ለአንድ ዓመት ነበር።


ማንቼ ነኝ
ታኅሣሥ 8፣ ማታ 2፡52

ዓምና ስድስት ደቂቃ፣ ዘንድሮ ስድስት ወር። እድገት ነው፣ እንኳን ደስ አላችሁ።


ጋሽ ሀይበሪ
ታኅሣሥ 8፣ ማታ 3፡10

የሱቁስ ልጅ? እግርህ እንዴት ሆነ?


የቀድሞው 7
ታኅሣሥ 8፣ ማታ 3፡35

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ ስላስታወሱኝ። በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ። ሐምሌ ላይ ስትለካኝ የግራው ጭኔ በአራት ሴንቲሜትር ያንስ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለት ተኩል። ሜትሯን ፈርቻታለሁ፣ እህታችን እውነቷን ነው። ደረጃውን አሁንም ድጋፉን ይዤ ነው የምወርደው። በአንድ እጅ ግን።